የግራ ክንድ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ዝናቡ አላቆመም፤ እኔም ሰሞኑን የያዘኝ ስም የለሽ ትካዜ አልለቀቀኝም። እማዬ በወዲያኛው ክፍል ታቃስታለች።

ትናንት የጉንፋን ክትባት ወሰደች፤ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ የሚሰጠውን፣ ሰውነት ቫይረሱን እንዲለይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ አንቲጂኑ፣ ከተለመደው አራት እጥፍ የሆነውን። «በግራው በለው፤ ቀኙ ወጥ የማማስልበት ነው» አለችኝ። ስተረጉምለት ፋርማሲስቱ ሳቀ።

ማታ ክንዷ አበጠ፤ ብርድ ብርድ አላት፤ ትኩሳቷ 100.6 ፋራናይት ደረሰ። «ጉንፋኑን ራሱን ነው የወጉኝ!» እንደ መምህር አልጋዋ ሥር ቆሜ፣ መርፌው ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ እንደሌለ፣ ሕመሙም በአንድ ሁለት ቀን እንደሚያልፍ አስረዳኋት። «ምች ነው። ዳማከሴ ቢኖር ይሄኔ ተነስቼ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳማከሴ ከየት ይምጣ? ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ውሃ፣ የትኩሳት ማስታገሻው ታይሌኖል። ሌላውን ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌኑን፣ ለኩላሊቷና ለደም ግፊቷ ፈርቼ ደብቄዋለሁ። ደብተርም አውጥቻለሁ፦ «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አንድ ታይሌኖል።»

ጨርቁን ስቀይር ከአዲሱ ቅላት ዝቅ ብሎ ያ ጠባሳ አለ። ሳንቲም የሚያህል፣ መሐሉ የተሰረጎደ፣ ዳር ዳሩ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሸበሸበ። ልጅ ሳለሁ እሱን በጣቴ እየዳሰስኩ ነበር የምተኛው። «ምንድን ነው?» ስላት «እንዳልጠፋ ያተሙብኝ ማኅተም» ትለኝ ነበር። የፈንጣጣ ክትባት ነው። በ1963 ዓ.ም. ዘመቻው ተጀምሮ ከታቢዎቹ መንደራቸው ሲደርሱ በቆሎ ውስጥ ተደበቀች፤ አባቷ ጎትቶ አወጣት። በ1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የአገሪቱ የመጨረሻ የፈንጣጣ ታማሚ እስኪገኝ ድረስ እንዲህ ከየማሳው የተጎተተው ልጅ ስንቱ ይሆን?

ያኔ ክንዷ ቆስሎ፣ መግል ቋጥሮ፣ ቅርፊቱ እስኪረግፍ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። ከታቢዎቹ «አትንኩት» ብለው ሄዱ፤ አያቴ ግን ቅቤ ቀባችው። ሁልጊዜ የምንስቀው በቅቤው ነበር። ዛሬ ሌሊት ግን አያቴ ራሷ መጣችብኝ። ቴርሞሜትር የላት፣ ደብተር የላት። በኩራዝ ብርሃን ግንባሯን እየዳሰሰች ስንት ሌሊት ተቀመጠች? ትሞትብኛለች ብላ ፈርታ ይሆን? ያስከተባትን ባሏንስ ምን አለችው? በሕይወት ሳለች የጠየቅኳት ነገር ቢኖር ቆሎው የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

ነጋ። ወንበሩ ላይ አንገቴ ተጣሞ ነቃሁ። ለካ ስለ አያቴ ሳስብ ማቃሰቱ መቼ እንደቆመ አልሰማሁም። እማዬ ወጥ ቤት ገብታ ቡና ትቆላለች፤ ትኩሳቷም ወርዷል። «አየሽ፣ መድኃኒቱ ሠራ» አልኳት እየተኩራራሁ።

ነጠላዋን ላጥፍላት ሳነሳ ጫፉ ተቋጥሯል። ፈታሁት። የሌሊቱ ታይሌኖሎች፣ ሁለቱም፣ ደረቅ እንደሆኑ። ደብተሬ ላይ ግን በየሰዓታቸው ተውጠዋል።