ለዳይሬክተሪ ሰርቨር የይለፍ ቃል ሐሽ ሳዘጋጅ የተማርኩት

የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ለኢሜይል፣ ለፋይል ሰርቨርና ለሒሳብ ፕሮግራሙ ሦስት የተለያዩ የይለፍ ቃሎች ይይዙ ነበር። ሁሉንም ኦፕንኤልዳፕ በተባለ፣ የተጠቃሚዎችን አካውንት በአንድ ቦታ በሚይዝ ሰርቨር (ዳይሬክተሪ ሰርቨር) ሥር እንድጠቀልል ሲታዘዝ፣ ለ180 ሰዎች አካውንት ከፍቼ ለእያንዳንዳቸው የመጀመሪያ የይለፍ ቃል ማዘጋጀት ነበረብኝ። የቀድሞው ዝርዝር በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ ማንም ሊያነበው በሚችል ግልጽ ጽሑፍ ተቀምጦ ስላገኘሁት፣ በአዲሱ ሰርቨር ላይ አንድም ቃል እንደዚያ እንዳይቀመጥ፣ ይልቁንም ሐሽ ሆኖ፣ ማለትም ወደ ዋናው ቃል በቀጥታ ሊመለስ ወደማይችል የስሌት ውጤት ተለውጦ እንዲቀመጥ ገና ከጅምሩ ወሰንኩ።

መሣሪያው ከኦፕንኤልዳፕ ጋር አብሮ የሚመጣው ስላፕፓስውድ የተባለው ትእዛዝ ነው። ያለ ምንም አማራጭ ሲጠራ ቃሉን ሁለት ጊዜ ያስጽፍና በቅንፍ ውስጥ ኤስኤስኤችኤ በሚል ምልክት የሚጀምር አንድ መስመር ያወጣል። ያንኑ ቃል ደግሜ ስሰጠው ፈጽሞ የተለየ መስመር ስላወጣልኝ በመጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን የጨው ሥራ ነው። ትእዛዙ በዕድል የተመረጡ 4 ባይቶችን ጨው አድርጎ ከቃሉ ኋላ ይጨምርና ኤስኤችኤ-1 በተባለው የሐሽ ስሌት ያሰላዋል፤ ከስሌቱ የሚወጡት 20 ባይቶች ከጨው ጋር 24 ይሆኑና ባይቶችን በሚነበቡ ፊደላት በሚጽፈው በቤዝ64 ሲጻፉ 32 ፊደላት ይሆናሉ። ሰርቨሩ ሰው ሊገባ ሲሞክር ጨውን ከመጨረሻዎቹ ባይቶች ወስዶ ስሌቱን እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ሁለት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ የተቀመጠውን መስመር በማየት ያንን ማወቅ አይቻልም።

ለ180 ሰው በእጅ መጻፍ ስለማይሆን በስክሪፕት ለመሥራት ተነሣሁ። ቃሉን ከትእዛዙ ጋር በቀጥታ እንዲሰጡ የሚያስችለው የሰረዝ-ኤስ አማራጭ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በተርሚናል የተጻፈው ትእዛዝ በታሪክ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፣ በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚም የሂደቶችን ዝርዝር ሲያይ ሊያነበው ይችላል። ሐሽ የምናደርገው ቃሉ በግልጽ እንዳይገኝ ሆኖ ሳለ በሌላ በር ማጋለጥ ትርጉም የለውም። በዚህ ምክንያት ቃሉን ከፋይል የሚያነበውን የሰረዝ-ቲ አማራጭ መረጥኩ። ፋይሉን ማንም እንዲያነበው ክፍት ከተዉት ትእዛዙ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ጥንቃቄው ደስ ብሎኛል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቃሎቹን ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ መሣሪያ 12 የዘፈቀደ ባይት እያስወጣሁ በቤዝ64 ወደ ፋይል ጻፍኩ፤ ሐሹን አዘጋጀሁ፤ 180ውንም አካውንት ወደ ሰርቨሩ አስገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት መግባት የቻለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የተመለሰላቸው ስህተት ቁጥር 49 ነው፣ ይኸውም የተሰጠው መታወቂያ ትክክል አይደለም ማለት ነው። የሰርቨሩን ቅንብርና የፈቃድ ደንቦቹን ስፈትሽ ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ ከፋይሎቹ አንዱን ወስጄ ባይቶቹን ስቆጥር 16 ይሆናል ያልኩት 17 ሆነ። ትርፏ ባይት ኦፕንኤስኤስኤል በመስመሩ መጨረሻ ላይ የሚያክለው የአዲስ መስመር ምልክት ነበረች። የሰረዝ-ቲ አማራጭ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳይቀንስ ሐሽ ስለሚያደርግ፣ የሠራተኞቹ ትክክለኛ ቃል በዓይን የማይታይ ምልክት ተጨምሮበት ተቀምጦ ነበር። ምልክቷን ፊደላትን በሚሰርዘው በቲአር ትእዛዝ አስወግጄ ሁሉንም እንደገና አዘጋጀሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ለብዙ ሰው ከማስገባቴ በፊት በአንድ የሙከራ አካውንት ኤልዳፕሁአምአይ በተባለው የመግቢያ መፈተሻ ትእዛዝ መግባት መቻሌን አረጋግጣለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ጋር ይዛመዳል፤ ነገር ግን የአማርኛችን ጉዳይ ነው። በሒሳብ ክፍል የሚሠሩ አንዲት እናት የመጀመሪያውን ቃል ቀይረው የራሳቸውን በአማርኛ መርጠው ነበር። አንድ ቀን ይገባሉ፣ ሌላ ቀን እምቢ ይላቸዋል። «ልጄ፣ እኔ የምጽፈው ያንኑ ነው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። «እትዬ፣ ቃሉን አይንገሩኝ፤ ግን ጸ ወይም ሐ አለበት?» ብዬ ስጠይቃቸው ሁለቱም እንዳሉበት ነገሩኝ። ለአንባቢ ፀሐይና ጸሀይ አንድ ቃል ናቸው። ለሰርቨሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የራሱ 3 ባይቶች ያሉት ሌላ ፊደል ነው፤ አንዲት ባይት ስትለወጥ ደግሞ ሐሹ በሙሉ ይለወጣል። በአማርኛ ቃል መጠቀምን መከልከል ግን አልፈለግሁም፤ ሰው በሚያስብበት ቋንቋ የመረጠውን ረጅም ሐረግ አይረሳምና። ለሠራተኞቹ ባዘጋጀሁት መመሪያ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የሌሉባቸውን ቃላት እንዲመርጡ ጻፍኩ።

ስለ ሐሹ ዓይነትም ሐሳቤን በኋላ ቀይሬአለሁ። የኤስኤችኤ-1 ችግር ለይለፍ ቃል ሲሆን ፍጥነቱ ነው፤ ዝርዝሩ በሌባ እጅ ከገባ ደኅና አቅም ባለው የግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ እጅግ ብዙ ግምት መሞከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የይለፍ ቃል ሐሽ ውድድሩን ያሸነፈው አርጎን2 የተባለው የሐሽ ዘዴ ሆን ተብሎ ዝግ እንዲልና ሜሞሪ እንዲፈጅ የተሠራ ነው፤ ከኦፕንኤልዳፕ 2.5 ጀምሮም ሞጁሉ (ዘዴውን የሚያስጠቅመው ተጨማሪ ክፍል) ከዋናው ጥቅል ጋር ይመጣል። ሞጁሉ ግን በስላፕፓስውድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሰርቨሩም ላይ መጫን አለበት፤ ያለበለዚያ ሰርቨሩ ምልክቱን ስለማያውቀው ያው ስህተት 49 ይመጣል።

አሁን ስላፕፓስውድን የምጠቀመው ለአስተዳዳሪው አካውንትና አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ብቻ ነው። ሠራተኞች ቃላቸውን ሲቀይሩ ጥያቄው ኤልዳፕፓስውድ በተባለው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ትእዛዝ መንገድ ለሰርቨሩ ይቀርብና ሐሹን ሰርቨሩ ራሱ በአርጎን2 ያዘጋጃል፤ ቃሉም በኔትወርኩ ላይ የሚጓዘው ቲኤልኤስ በተባለው የግንኙነት ምስጠራ ተሸፍኖ ነው። አሮጌውን የኤክሴል ሠንጠረዥ ከሰርቨሩም ከመጠባበቂያ ቅጂዎቹም አጥፍቼዋለሁ።