ሦስት ሰው ጋቢና

ሜልቦርን ውስጥ ሰንሻይን በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ጎረቤት አሉኝ። ጋራዣቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና እንዳለቻቸው እሰማ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሸራውን ገልጠው አሳዩኝ፦ በ1973 የተሠራች ኤችኪው ሆልደን ኪንግስዉድ፤ ሆልደን የአውስትራሊያ መኪና ነው፣ ኤችኪው ደግሞ የሞዴሉ መጠሪያ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ቀለሟ ክሬም፣ ማርሽ ማስገቢያዋ መሪው ላይ፣ የፊት ወንበሯ ከበር እስከ በር አንድ ወጥ። እዚያው ልቤ ሸፈተ፤ በኋላም የእኔ ሆነች።

የድሮ መኪና ትርኢት ስሄድ ሰው የሚኮለኮለው እንደ ሆልደን ሞናሮና ፎርድ ፋልከን ጂቲ ባሉ ፈጣን መኪኖች ዙሪያ ነው። ያምራሉ፣ አልክድም። አገሩን ተሸክመው የኖሩት ግን እነሱ አይደሉም። ከ1971 እስከ 1974 ድረስ 485,650 ኤችኪው ተሠርቷል፤ ያኔ የአውስትራሊያ ሕዝብ 13 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አስተማሪው የሚነዳው፣ ታክሲው፣ ፖሊሱ፣ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ባሕር ዳርቻ የሚወርደው አባወራ፣ ሁሉም በእሷ ነው የሄደው። ሞናሮ ብርቅ ስለነበረች ተጠብቃ ቆየች። ኪንግስዉድ ግን እንደ ልብ ስለምትገኝ ማን ያስቀምጣት? አንዷ ለሞናሮ ማደሻ ተበለተች፣ ሌላዋ የእሽቅድምድም መኪና ሆነች፣ የቀረችው በኪሎ ተሸጠች። ይሄ ያንገበግበኛል።

ኮፈኗን ስከፍት 202 የሚሉት ሞተር አለ፤ 3.3 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። በግራም በቀኝም አጎንብሼ መሬቱን አየዋለሁ። ስድስቱ ካንዴላዎች በአንድ ጎን ተሰልፈው እጅ ይጠብቃሉ፤ ለመፍታት ሌላ ነገር ማንሳት አያስፈልግም። አባቴ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ ነበር። ካርቡራቶር ማስተካከል ያስተማረኝ በፊያት ላይ ነው፤ ያ ትምህርት እዚህ ሆልደን ላይ አንድም ሳይጎድል ሠራልኝ። የሠራት ሰው፣ ባለቤቷ አንድ ቀን ራሱ እንደሚፈታት አስቦ ነው የገጠማት። ከእሷ በፊት የነበሩት ሆልደኖች ከኋላ በባሌስትራ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ ኤችኪው በአራቱም ጎማ ሞላ ሆነላት። የተቆፈረ መንገድ ላይ ለስለስ ብላ ስታልፍ ይሄ ይታወቀኛል።

የተሠራችው እርሳስ ላለው ቤንዚን ነው፤ እሱ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ እዚህ አገር ማደያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አውርጄ፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ያለ እርሳስ እንዳይበሉ በጠንካራ ብረት አስቀየርኩ።

ከሞተሩ ይልቅ ያስለቀሰኝ ዝገቷ ነው። የኤችኪው ሕመም የታወቀ ነው፦ በኋላ መስታወት ግርጌ፣ ከጌጡ ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ወደ ዕቃ መጫኛው ይንጠባጠባል። አንድ ጋራዥ “ጨርሰናል” ብሎ አስረክቦኝ፣ በመጀመሪያው ክረምት ቀለሙ አብጦ ተነሳ። በጣቴ ብነካው ስቱኮ ነው፤ ከሥሩ ያለው ላሜራ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ጠርቤ አወጣሁት፣ አዲስ ላሜራ ቆርጬ ራሴ በየዳኩት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ምንጣፉን ገልጬ በመዳፌ እዳስሳለሁ፤ እስካሁን ደረቅ ነው።

ሌሎቹንም እወዳለሁ። ቫሊያንትን፣ ቶራናን፣ ሚጢጢዋን ዳትሰን 120ዋይ። ሌይላንድ ፒ76ን ሰው ሲያንቋሽሻት አልወድም፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ኋላዋ ላይ የሚጫን የቤት መኪና ስንት አለ? ፎርድ በ2016፣ ሆልደን በ2017 ፋብሪካቸውን ዘግተዋል፤ ዛሬ አንዳቸውም እዚህ አገር መኪና አይሠሩም።

የጎረቤቴ ባለቤት ከማልታ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ፊሸርማንስ ቤንድ፣ የሆልደን ሞተር ፋብሪካ ነው የሠሩት። ስደተኛ ሆኖ መጥቶ፣ ሞተሩን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ከዚያ በደሞዙ መኪናዋን መግዛት! ስድስቱን ሲሊንደር ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል፣ በአካል ሳላውቃቸው።

የያዝኩት የድሮ መኪና ክለብ ፈቃድ በዓመት 90 ቀን እንድነዳት ይፈቅድልኛል፣ እያንዳንዱን ቀን መዝገብ ላይ እየጻፍኩ። የመጀመሪያውን ቀን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። ጠዋት ቾኳን ስቤ አስነሳኋት፣ ሞቅ እስክትል ጠበቅሁና በሩን ከፈትኩላቸው። ገቡ፤ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተደግፈው ተንሸራተቱ፣ እስከ መሃል፣ እኔ አጠገብ፤ የወገብ ብቻ የሆነውን ቀበቶም ሳያዩት በእጃቸው አገኙት። ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩ።

“ውይ” አሉና በዝግታ ወደ መስኮቱ ተመለሱ።