የጀርመን የሥራ ቪዛ ፋይል የት የት ይበላሻል?

ለጀርመን የሥራ ቪዛ ከቀረቡ ፋይሎች መካከል ብዙዎቹ የሚንጠለጠሉት አመልካቹ ብቃት አንሶት አይደለም። ዲግሪ አለ፣ ቀጣሪ አለ፣ ደመወዙም ይበቃል፤ ፓስፖርቱ፣ ዲግሪውና ውሉ ግን አይገጣጠሙም። ፋይሉን የሚያየው ሠራተኛ እናንተን አያውቃችሁም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የምትጠይቁት ፈቃድ ይለይ። ዲግሪ ላለው ሰው ዋናዎቹ በሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ብሉ ካርድ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የባለዲግሪ ሠራተኛ ፈቃድ ነው፣ ሌላው በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 18ቢ የሚሰጠው የባለሙያ ፈቃድ። ብሉ ካርድ ሥራው ለትምህርታችሁ የሚመጥን እንዲሆንና ደመወዙ ከተወሰነ መጠን እንዳያንስ ይጠይቃል። 18ቢ በትምህርት መስክ አያጠብቅም፤ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ ሙያ በሚጠይቅ ሌላ ሥራ ላይ ቢቀጠርም ይሆናል። ደመወዝ ላይም ቋሚ ወለል የለውም፤ ከዚህ የሚለየው 45 ዓመት ሞልቶት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው ነው፤ እሱ በ2026 በዓመት 55,770 ዩሮ ወይም በቂ የጡረታ ዋስትና ማሳየት አለበት። ሁለቱንም የምታሟሉ ከሆነ ብሉ ካርዱን ጠይቁ። ባል ወይም ሚስት ለማምጣት የጀርመንኛ ፈተና አይጠየቅባቸውም፣ ቋሚ ፈቃዱም ቶሎ ይደርሳል።

የብሉ ካርድ ደመወዝ ለ2026 በዓመት ያልተጣራ 50,700 ዩሮ ነው። የሰው ኃይል እጥረት አለባቸው ለተባሉ ሙያዎች፣ ማለትም ለአይቲ፣ ለምህንድስና፣ ለሕክምና፣ ለመምህርነትና ለመሳሰሉት፣ እንዲሁም ከተመረቁ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው 45,934.20 ይበቃል። በ2025 ቁጥሮቹ 48,300 እና 43,759.80 ነበሩ። በየጃንዋሪው የሚለወጡት የጡረታ መዋጮ ከሚቆረጥበት የዓመት ደመወዝ ጣሪያ ጋር ስለታሰሩ ነው፤ ትልቁ የጣሪያው ግማሽ፣ ትንሹ 45.3 በመቶው ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በወር ሲያስብ ነው። «በወር 4,200 ዩሮ» የሚል ውል ደህና ይመስላል፤ በ12 ሲባዛ ግን 50,400 ነው፣ 300 ጎደለ። ቦነስ ይሞላዋል ብላችሁ አትቁጠሩ። በውሉ ላይ በእርግጠኝነት የሚከፈል ተብሎ ካልተጻፈ አይታሰብም፤ 13ኛ ደመወዝም እንደዚያው። ከቀጣሪው ጋር ስትደራደሩ ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ በኖቬምበር የተፈረመና ልክ ጫፉ ላይ የቆመ ውል ጃንዋሪ ሲመጣ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

በትልቁና በትንሹ ወለል መካከል ብዙ ሰው የማያየው ልዩነት አለ። በትልቁ ከገባችሁ የፌዴራል ሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አያስፈልግም። በትንሹ ከገባችሁ ግን መሥሪያ ቤቱ ደመወዙና የሥራ ሰዓቱ በዚያው አካባቢ ላለ ጀርመናዊ ከሚከፈለው ጋር ይመጣጠናል ወይ ብሎ ያያል። ለዚህ ቀጣሪው ስለ ሥራው ሁኔታ የሚሞላው ቅጽ አለ። በቅጹ ላይ የተሞላው ሰዓትና ደመወዝ ከውሉ ጋር በአንድ አሃዝ እንኳ ከተለያየ ፋይሉ ወደ ጥያቄና መልስ ይገባል። ፈርሞ ከመላኩ በፊት ቅጂውን ጠይቁና ከውሉ ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡት። ቀጣሪ አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ወደ ዲግሪው እንምጣ። ጀርመኖች የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና ዲግሪዎች የተመዘኑበት አናቢን የሚባል የመረጃ ቋት አላቸው። በዚያ ላይ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አንዱን አይቶ ይረካል። አንደኛ ዩኒቨርሲቲው «ኤች ፕላስ»፣ ማለትም እውቅና ያለው፣ ተብሎ መመዝገቡ። ሁለተኛ ራሱ የዲግሪው ዓይነት ከጀርመን ዲግሪ ጋር እኩል ወይም ተመጣጣኝ ተብሎ መቀመጡ። ሁለቱም ከተገኙ ሁለቱንም ገጾች አትማችሁ ፋይሉ ውስጥ ጨምሩ። አንዱ ከጎደለ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲው «ኤች ፕላስ ማይነስ»፣ ማለትም እውቅናው እንደየሁኔታው የሚታይ፣ ከሆነ፣ ዛብ ለሚባለው የውጭ ትምህርት መዛኝ መሥሪያ ቤት አመልክታችሁ የግምገማ ወረቀት ታወጣላችሁ። ክፍያው 208 ዩሮ ነው። ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ይሄ ሊሆን ስለሚችል ሥራ ሳይገኝም ቀድሞ ማስጨረስ ያዋጣል። የአይቲ ሰው ዲግሪ ባይኖረውም ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የሦስት ዓመት የሙያ ልምድ ካለው በትንሹ ወለል ብሉ ካርድ ማግኘት ይችላል። ሐኪምና ነርስ ግን በአናቢን አያልፉም፤ ለእነሱ የሙያ ፈቃድ እውቅናው ለብቻው የሚኬድ ረጅም መንገድ ነው፣ ቋንቋውም ለነርስ በአብዛኛው ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ)፣ ለሐኪም ደግሞ የሕክምና ቋንቋው እስከ ሲ1 (ከፍተኛ) ይደርሳል።

ከኢትዮጵያ በሚመጣ ፋይል ላይ ከሁሉም የሚያስቸግረው ቀንና ስም ነው።

ቀኑን እንይ። ዲግሪያችሁ ወይም የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ «ሐምሌ 1 ቀን 2012 ዓ.ም.» ይላል እንበል። ተርጓሚው ወሩን «ጁላይ» ብሎ ዓመቱን 2012 እንዳለ ቢተወው፣ ለጀርመኑ ሠራተኛ የተመረቃችሁት ከእውነተኛው ቀን ስምንት ዓመት ቀድሞ ሆነ። ትክክለኛው ጁላይ 8 ቀን 2020 ነው። ጉዳቱ ከቁጥር ስህተት ያልፋል። በቅርቡ የተመረቀን ሰው ከተመረቁ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው የተፈቀደውን ትንሹን ወለል ያሳጣል። ልምዳችሁንም ባለፉት ሰባት ዓመታት ከሚለው መስኮት ያስወጣል፣ በፓስፖርቱ ካለው የልደት ቀን ጋር ሲተያይም በ14 ዓመቱ ዲግሪ የያዘ ሰው ያስመስላል። ልዩነቱ ደግሞ ሁሌ አንድ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚኖረው ከፈረንጆቹ ሠግር ዓመት በፊት ባለው ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ስለሚውል፣ አንድ ሰው በሁለት ሰነድ ላይ በአንድ ቀን የሚለያይ ልደት የሚኖረው በዚህ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም ቀን፣ የኢትዮጵያውንና የአውሮፓውን፣ አቆጣጠሩን ጠቅሶ ጎን ለጎን እንዲጽፍ አድርጉ።

ስሙ ደግሞ እንዲህ ነው። ዲግሪው የራስንና የአባትን ስም ብቻ ሊይዝ ይችላል፣ ፓስፖርቱ አያት ይጨምራል፤ ጀርመን ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚባል ሳጥን አላት፣ ባዶ አይተውም። ቅጹን ስትሞሉ በፓስፖርቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ በማሽን በሚነበበው መስመር ያለውን ተከተሉ፤ «በእኛ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም» የሚለው ማብራሪያ እውነት ቢሆንም ሳጥኑ አይገባውም። ፊደሉም ያጣላል። «ኃይሌ» በአንዱ ወረቀት መሐሉ በላቲኑ «አይ»፣ በሌላው በ«ዋይ» ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ከሬጅስትራር ወይም ከቀድሞ ቀጣሪ በፓስፖርቱ አጻጻፍ የታረመ ደብዳቤ አስወጥቶ መፍታት ይቻላል፤ ግን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት።

ማመልከቻው ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቆንስላ ፖርታል በኢንተርኔት ይሞላል፤ ሰነዱን ጭናችሁ ካለፈ በኋላ ለአሻራና ለዋናው ሰነድ ወደ ኤምባሲ ትቀርባላችሁ። ክፍያው 75 ዩሮ ነው። ቀጠሮ በገንዘብ እናስወጣለን የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ መንገድ ሂዱ። ሰው የሚረሳው ነገር የጤና መድኑ ነው። የጀርመን የሕዝብ መድን የሚጀምረው ሥራ ከጀመራችሁበት ቀን ነው፤ ከገባችሁበት ቀን እስከዚያ ያለውን ክፍተት የሚሸፍን መድን ካላቀረባችሁ ፋይሉ ጎደለ ይባላል። ውሉ ሴፕቴምበር 1 ሥራ ይጀምራል ካለና ቪዛው ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ እንዲሆን የሚጠየቅ ከሆነ፣ መድኑም ከኦገስት አጋማሽ ይጀምራል።

ቀጣሪው የሚቸኩል ከሆነ የተፋጠነ የባለሙያ ሂደት የሚባል አለ። እሱ በእናንተ ውክልና በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ ያስጀምራል፣ 411 ዩሮ ይከፍላል። ቢሮው እውቅናውንና የሥራ ስምሪቱን ፈቃድ ጨርሶ ቅድመ ስምምነት ይልካል። ከዚያ ኤምባሲው ቀጠሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይሰጣል፣ ከተሟላ ማመልከቻ በኋላም በሦስት ሳምንት ይወስናል። ጥሩ ነው፤ ግን የሚያፋጥነው የዚያ ከተማ ቢሮ ራሱ ሲሠራ ነው። በተጨናነቀ ከተማ ከተራው መንገድ ብዙም ላይሻል ይችላል፤ ቀጣሪው ከዚህ በፊት ያስመጣው ሰው ካለ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይጠየቅ።

ቪዛው ከተከለከለ ድሮ ለኤምባሲው ራሱ ቅሬታ ማስገባት ይቻል ነበር። ያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ በአንድ ወር ውስጥ በርሊን ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ፣ ወይም አስተካክሎ እንደገና ማመልከት። ምክንያቱ የጎደለ ወይም የማይገጥም ወረቀት ከሆነ በእኔ ግምት እንደገና ማመልከቱ ይሻላል፤ ክሱ ረጅም ነው። ሕጉን አጣመው ተርጉመውብኛል የሚል ሰው ግን ወሩ ሳያልፍ ጠበቃ ያናግር።

ስለ ዕድል ካርድ፣ ጀርመኖቹ ቻንሰንካርተ ስለሚሉት፣ በቴሌግራም የሚወራው ሁሉ ስለ ነጥብ ነው። ዲግሪያችሁ ሙሉ በሙሉ እውቅና ካገኘ ግን ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም፤ እንደ ባለሙያ ትገባላችሁ። ስድስቱ ነጥብ እውቅናው ላልተሟላለት ነው። ለሁሉም የሚከብደው ገንዘቡ ነው፤ በ2025 ሂሳብ በወር 1,091፣ ለዓመት 13,092 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ወይም በሌላ መንገድ ማሳየት። በካርዱ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል።

ጀርመን ከገባችሁ በኋላ መኖሪያ ቤት በያዛችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ፣ ማለትም የአድራሻ ምዝገባ፣ ታደርጋላችሁ። አከራዩ የፈረመው የመግባት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውል እሱን አይተካም። ከዚያ ስማችሁን የፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ይሄ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የግብር ቁጥሩም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ የምስጢር ቁጥርም፣ የውጭ ዜጎች ቢሮው ቀጠሮም በፖስታ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል።

ወደ ጀርመን የገባችሁበት ቪዛ ሲያልቅ ካርዱ ላይደርስ ይችላል። ዋናው ነገር ቪዛው አንድ ቀን ቢቀረው እንኳ ከማለቁ በፊት ማመልከት ነው። ያን ጊዜ ቢሮው ፊክትስዮንስበሻይኒጉንግ የሚባል ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣል፤ 13 ዩሮ ነው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ። የተመረጠው የአንቀጽ 81 ንዑስ 4 ሳጥን ከሆነ የቀድሞው መብታችሁ፣ ሥራውም ጭምር፣ ይቀጥላል፣ አገር ቤት ሄዶ መመለስም ይቻላል። የንዑስ 3 ከሆነ ግን ከወጣችሁ በእሱ መመለስ አትችሉም። የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ ተመልከቱ።

የሥራ ለውጥ ላይም ልዩነት አለ። በብሉ ካርድ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቀጣሪ ስትቀይሩ ለቢሮው ታሳውቃላችሁ፤ ቢሮው ለ30 ቀን ሊያግደው፣ ካልመጠነም ሊከለክል ይችላል። በ18ቢ ከካርዱ ጋር የሚሰጠው ተጨማሪ ወረቀት የቀጣሪውን ስም ከያዘ ከመቀየር በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥራው ከተቋረጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ዝም ማለት የሚያድን ይመስላል፣ ግን ቀጣሪውም የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ቢሮው መስማቱ አይቀርም።

ካርዱ ከፓስፖርቱ አይረዝምም። ፓስፖርቱ ዓመት ከቀረው የአራት ዓመት ውል ቢኖርም ካርዱ አጭር ይወጣል፣ ክፍያውም እንደገና ይመጣል፤ ስለዚህ ፓስፖርቱን ከጉዞ በፊት አሳድሱት። ቋሚ ፈቃድ በብሉ ካርድ ከ27 ወር ሥራና የጡረታ መዋጮ በኋላ በኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ጀርመንኛ ይሰጣል፤ ቢ1 (መካከለኛ) ካላችሁ 21 ወር ይበቃል። በ18ቢ 36 ወር ነው። ስድስቱን ወር ለማሳጠር የቢ1 ፈተናው ሰርተፊኬት በ21ኛው ወር እጃችሁ ላይ መሆን አለበትና፣ የፈተናው ቀጠሮና ውጤቱ የሚወስዱትን ሳምንታት ቆጥራችሁ ከ17ኛው ወር ገደማ ተመዝገቡ።