ቴምብር ስዘፈዝፍ

ዛሬ ምንም የመሥራት ፍላጎት የለኝም። ሥራ ፈትቶ መቀመጡም አላስቻለኝም። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ሰው ወይ ቁምሳጥን ያጸዳል ወይ ከሰው ይጣላል። የምጣላው ሰው አጠገቤ ስላልነበረ ያንን የፖስታ ጥቅል አወጣሁት። የቱን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ «አንድ ቀን መልክ አስይዘዋለሁ» እያልኩ ከቤት ቤት ይዤው የምዞረውን።

እናም ከፖስታው ላላቅቀው ቴምብር መዘፍዘፍ ጀመርኩ።

ትዕግሥት ላለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ቴምብሩን ከነፖስታው፣ ዙሪያውን ትንሽ ወረቀት አስተርፎ በመቀስ መቁረጥ። ጠርዙ ላይ ያሉት ጥርሶቹ ድረስ መጠጋት አያስፈልግም፤ ጥርሱ የጎደለ ቴምብርን ሰብሳቢ ዞር ብሎም አያየው። ከዚያ ውሃ ውስጥ። ለብ ያለ፣ የፈላ አይደለም። በእንፋሎት የሚያላቅቁም አሉ፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ቴምብሩም ይጎዳል፣ ጣትም ይቃጠላል። ቀይና አረንጓዴ ፖስታ ደግሞ ከሌላው ጋር አይደባለቅም። ቀለሙን ይለቅና ቴምብሮቹ ሁሉ ጠጥተውት ያርፋሉ። ለብቻው፣ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ፣ ቶሎ ቶሎ ማለት ነው።

እኔ የምወደው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ወረቀቱ ውሃ ሲጠጣ ጠቆር ይላል። ጥርሶቹ ሥር ጥቃቅን የአየር አረፋ ይሰበሰባል። ከዚያ አንዱ ጥግ ብድግ ይላል፣ ሌላው ይከተላል፣ ትንሽ ቆይቶ ቴምብሩ ራሱ ተንሸራቶ ይወርዳል። ካልወረደ አይጎተትም። ይቆይ። የግድ መላጥ ካለበትም ቴምብሩ ዝም ይባልና ወረቀቱ ነው ቀስ ተብሎ የሚላጠው። በጉልበት የተነሳ ቴምብር ጀርባው ይሳሳል፤ ከፊት ምንም የሆነ አይመስልም፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት ግን የሳሳችው ቦታ ታሳብቃለች። ከወረደም በኋላ ጀርባውን በጣት ዳበስ ማድረግ ነው። ካሙለጨለጨ ሙጫው ገና አለ፣ በንጹሕ ውሃ ደግሞ ይታጠባል። አለዚያ ሲደርቅ ከማድረቂያው ወረቀት ጋር ይጣበቅና ከአንዱ አላቆ ሌላው ላይ መለጠፍ ይሆናል። እንዳይጠቀለል ደግሞ በሚመጥ ወረቀት መሃል አድርጎ ከባድ መጽሐፍ መጫን።

በነገራችን ላይ፣ ራሳቸው የሚጣበቁት ዘመነኞቹ ብዙዎቹ ለውሃ ደንታ የላቸውም። በዓለም የመጀመሪያዎቹን ሴራሊዮን ናት እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣችው። ያኔ ይህን ያህል ግትር ይሆናሉ ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። እነሱን አልታገልም፤ ከነወረቀታቸው አሳምሬ ቆርጬ ማስቀመጥ ነው።

ውሃው ላይ አፍጥጬ ሳለሁ ፔኒ ብላክ ትዝ አለኝ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ያንን የመጀመሪያውን ቴምብር ስታወጣ ቴምብሩ ጥቁር፣ የሚመታበት ማህተም ደግሞ ቀይ ነበር። ቀዩ ማህተም በቀላሉ ይለቃል። ሰው ምን ያደርጋል? ያጥበውና መልሶ ይልክበታል። በዓመቱ ነገሩን ገለበጡት፤ ቴምብሩ ቀይ፣ ማህተሙ ጥቁር ሆነ። ከዚያ በኋላም ውሃ ሲነካው የሚሟሽሽ ቀለም ሆን ተብሎ የታተመባቸው ቴምብሮች ወጥተዋል፣ አጣቢ እንዳያጭበረብር። (እነዚህን የዘፈዘፈ ለራሱ አዘነ።)

ያኔዎቹ አጣቢዎች እኮ ሌቦችም ቢሆኑ ምክንያት ነበራቸው። ደብዳቤ ሊልኩበት ነው። እኔ ምን ላደርግበት ነው?

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸብኝ። ፔኒ ብላክ ራሱ ከ68 ሚሊዮን በላይ ታትሟል። የእኔዎቹማ ተራ ናቸው፣ የትም አሉ። አንድ ብቻ የሆነው ነገር ፖስታው ነው። ደብዳቤዎቹን የላከችልኝን የእሷን እጅ ጽሑፍ ታውቁታላችሁ፤ ፖስተኛውን የማታምን ይመስል የቤት ቁጥሩን ሁለቴ የምታሰምርበትን። ማህተሙን ደግሞ አስተውዬው አላውቅም ነበር። ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ያርፋል። ቴምብሩ ሲነሳ ቀኑ ከሁለት ይከፈላል፤ ወሩ ከቴምብሩ ጋር ይሄዳል፣ ዓመቱ ፖስታው ላይ ይቀራል። ነገሩ የገባቸው ሰብሳቢዎች የቆየ ፖስታ ሲያገኙ መቀስ የማያስጠጉት ለዚህ ነው። ከየት ተነሳ፣ መቼ፣ በየት በኩል ዞሮ መጣ የሚለው ሁሉ ያለው እዚያው ላይ ነው። አንዳንዴ ፖስታው ሙሉ ሲሆን ከቴምብሩ ብቻ ይልቅ ብዙ ያወጣል።

ዋጋው እንኳን ይቅር። ቴምብሩን ልሳ የለጠፈችው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ያንኑ ነው በለብ ውሃ ሳጥብ ያመሸሁት፣ ሙጫው ሙልጭ ብሎ እስኪለቅ፣ በጣቴ እየዳበስኩ።

እና አቆምኩ። የቀሩት ፖስታዎች ከነቴምብራቸው ይቀመጡ ብዬ ወሰንኩ። አልበሙ ውስጥ አይገቡም፣ ስለዚህ ሌላ አልበም ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የት ይቀመጣል፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ መሆን አለበት፣ እርጥበትም ጠላቱ ነው፣ በቁመት ይሁን በአግድም... ይህን ሁሉ ሳሰላ ቆይቼ ሳበቃ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ቴምብር ይቅደም ፖስታ ይቅደም እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር፣ ውስጣቸው ያሉትን ደብዳቤዎች አንዱንም ገልጬ አላየሁም። አውጥቼ፣ እንደታጠፉ፣ ውሃ እንዳይነካቸው ራቅ አድርጌ ደርድሬያቸዋለሁ። ለምን እንዳላነበብኳቸው አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቅም። ስለ ሙጫ ከሆነ ግን ጠይቁኝ፣ እስኪነጋ ላወራላችሁ እችላለሁ።