የጋሪ ፈረስ ጫማ ስታስመቱ ምስማሩን እዩ

አዳማ ላይ ፈረስ ገዝቶ ጋሪ ሊሠራ ያሰበ ሰው የፈረሱን ጥርስ ያያል፣ ዕድሜውን ይጠይቃል፣ የጋሪውን ጎማ ይፈትሻል። ኮቴውን አንስቶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔንም ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ጫማ የማስመታቱ ሥራ አብዛኛው ቀላል ነው። አሮጌው ጫማ በጉጠት ይወልቃል፣ ያደገው ኮቴ ይቆረጣል፣ በሞረድ ይስተካከላል። ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ጫማው ባያልቅም በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መነሳት አለበት። ደግሞ ጫማው ነው በኮቴው ልክ የሚሠራው። ብረቱ ጠበበ ብሎ ኮቴውን ከፊት በሞረድ የሚበላ ሰው ካያችሁ፣ ፈረሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጣጣው ምስማሩ ላይ ነው። የኮቴው ግድግዳ እንደ ጥፍራችን ነው፣ ቢቆረጥ አያምም። እግሩን አንስታችሁ ስታዩ ግን ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ቀጭን መስመር አለ፤ ነጩ መስመር ይሉታል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሕይወት ያለው ሥጋ ነው። ምስማር ከመስመሩ ወደ ውስጥ ማለፍ የለበትም።

ጫማ መቺው አንዱን ምስማር ሲመታ የእኔ ፈረስ እግሩን ነጠቀ።

«ጋሼ፣ ያመመው ይመስለኛል» አልኩ።

«ፈረስ መቼ ዝም ብሎ ይቆማል? አንተ ልጅ፣ ጭንቅላቱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ!» ብሎ ያንኑ ምስማር እስከ መጨረሻው መታው።

ብዙም ሳይቆይ ፈረሱ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መቆም ጀመረ። ኮቴው ይፋጃል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደም ሥሩ ሲመታ በጣት ይታወቃል። ክሊኒክ ወሰድኩት። ጋዋን የለበሰው ሰው እግሩን እንኳን ሳያነሳ «ጡንቻ ነው፣ አሳርፈው» አለና የሕመም ማስታገሻ ወግቶ ሸኘኝ። እስካሁን ያናድደኛል። ጎንበስ ብሎ በእጁ ቢነካው ኖሮ ሙቀቱ ይነግረው ነበር። ማስታገሻው ሕመሙን ሸፈነ እንጂ ምስማሩ እዚያው ነው።

ያዳነው ቢሾፍቱ የተማረ ሌላ ባለሙያ ነው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ እያንዳንዱን አየ፣ አሸተተ። ያ ፈረሱ እግሩን የነጠቀበት ምስማር ጥቁር እርጥበት ይዞ ወጣ፤ ይገማል። ቀዳዳውን ሲከፍተው መግሉ ፈሰሰ። ለብ ባለ የጨው ውኃ እየነከርን፣ በንጹሕ ጨርቅ እየጠቀለልን ቆየን። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መከላከያም ወጋው፤ ፈረስን ይህ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፣ አንዴ ከያዘው ማዳኑ ከባድ ነው።

«አሳርፈው» የሚል ምክር ብቻውን አይበቃም። ፈረስ ካነከሰ መጀመሪያ ሁለቱን ኮቴዎች በእጃችሁ አነጻጽሩ፤ አንዱ ከጋለ ጫማው ይውለቅ። ሲመታ እግሩን ከነጠቀ ምስማሩን አስነቅሉ፣ በዚያ ቀዳዳ ሌላ አይግባ። ከኮቴው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላም ምስማር አታስመቱ፤ ተረከዙ መሬት ሲረግጥ መከፈት አለበት። የተቃጠለ ዘይት ቀባው የሚሏችሁንም አትስሙ።

እኔ አሁን የምከፍለው ፈረሱ አስፋልት ላይ ሶምሶማ ሲሄድ ካየሁ በኋላ ነው። ቅር የሚለው ጫማ መቺ ካለ ቅር ይበለው።