የጎማ ብሎን ሲሰበር፦ ጉቶውን ከሞዞ ማውጣት

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። የአንድ አይሱዙ የኋላ ጎማ ብሎን ተሰብሮ መጣ። ጉቶውን (የቀረውን ስባሪ) ከሞዞው፣ ማለትም ጎማው ከሚታሰርበትና አብሮት ከሚዞረው ብረት አወጣሁት፣ አዲስ አስገባሁ፣ ጎማውን መልሼ አሰርኩ። መኪናው አሁን ኮምቦልቻና ወልዲያ እየተመላለሰ ነው። ከረዳትነት ወደ መካኒክነት ለምትሸጋገሩ ወንድሞቼ የያዝኩትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ጎማ መፍታትና ማሰር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እሱን አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከመኪና ሥር አትግቡ። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ታኮ ይደረግ፣ ካቫሌቶ (መኪናውን የሚሸከም የብረት መደገፊያ) ይግባ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ካቫሌቶ ሳይገባ ቁልፍ አያስጨብጡም። ልክ ናቸው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ የብሎኑ ጥርስ አቅጣጫ ነበር። የድሮዎቹ አይሱዙዎች በቀኝ በኩል እንደለመድነው ናቸው፤ በግራ በኩል ያለው ብሎን ግን ግራ ዙር ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ «ኤል» ፊደል ተመትቶበታል። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ እዩ። ሲኖትራክ ላይ አሥሩም ብሎን በሁለቱም ጎን ቀኝ ዙር ስለሆነ፣ ከሱ ወደ አይሱዙ የሚመጣ ሰው ይወዛገባል። እፈታለሁ ብሎ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ያጠብቃል። ብሎኑም እዚያው ቀጭ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ብሎኑ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ከሞዞው ፊት ጋር እኩል ሆኖ ነው የሚቀረው። ቁልፍ የሚይዘው ነገር የለም። ደግሞ ብሎኑ በጥርስ የገባ አይደለም። ከራሱ (ከወፍራሙ የብሎኑ አናት) ሥር ባሉት ሽንትሮች፣ ማለትም ጥርስ መሰል መስመሮች፣ ሞዞውን ነክሶ ነው የተቀመጠው፤ ራሱ ያለው ከሞዞው ኋላ ነው። ስለዚህ መውጫው ወደ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከፊት እየተመታ።

ከመምታታችሁ በፊት ግን ስባሪውን በደንብ እዩት። ይህን ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው። የኔው ስባሪ ከግማሽ በላይ ጠቁሮና ለስልሶ ነበር፤ ላዩ ላይ ተከታትለው የሄዱ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ይታያሉ። የቀረው ጥግ እንደ ስኳር ያብረቀርቃል። ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው። ብሎኑ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ሲከፈል ከርሟል። የሚያብረቀርቀው በመጨረሻዋ ሰዓት የተቆረጠው ነው። እንዲህ ያለ ስባሪ ካያችሁ ጥፋቱ የዚያ ቀን አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ዳዶው (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ባለ ጥርስ ቀለበት) ላልቶ ሲነዳ ቆይቷል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሱን ጭነት የተሸከሙት ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። እነሱም ደክመዋል።

ለዚህ ነው አንድ ብሎን ብቻ ቀይሮ መላክን አጥብቄ የምቃወመው። አንድ ከተሰበረ ሁለቱ ጎረቤቶቹ አብረው ይቀየሩ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተሰበረ የዚያ ጎማ ብሎን በሙሉ ይቀየር። ባለንብረቱ «ወጪ አታብዛብኝ» ይላል፣ ይገባኛል። ግን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጎማ ተነቅሎ ቢንከባለል የሚሞተው እግረኛው ነው።

ወደ ማውጣቱ እንመለስ። ሞዞው አክሱ ላይ እንዳለ መዶሻ አታሳርፉበት፤ ምቱ በቀጥታ ሞዞው የሚዞርበት ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ላይ ያርፋል። ከዲፈረንሻል የሚመጣውን ዘንግ አውጡ፣ ሞዞውን ፍቱና አውርዱ። ብሎኑ ካለበት ቀዳዳ ሥር ወፍራም የብረት ቱቦ ደግፉ፣ ራሱ ቱቦው ውስጥ እንዲወድቅ። የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ነክራችሁ አሳድሩት። ከዚያ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከቀዳዳው ትንሽ የሚቀጥን ብረት ይዛችሁ በከባድ መዶሻ ምቱ። ጥቂት ከባድ ምት ከብዙ ቀላል ምት ይሻላል። ቀላሉ ምት ጉቶውን አናቱ ላይ ያሰፋውና ይብስ ያጣብቀዋል።

እምቢ ካለ? የኔው እምቢ ብሎ ነበር። ጎረቤት ያሉ ልጆች «በካርቦን እሳት አግለው» አሉኝ። ጋሼ «አብሽር፣ እሳት አያስፈልግም» ብለው መሰርሰሪያ አመጡልኝ። ጉቶውን መሐል ለመሐል በቀጭን ጀምረን፣ ቀጥሎ በወፍራም በሳነው። መሐሉ ባዶ ሲሆን ዙሪያው ሞዞውን የሚገፋበት ጉልበት ይላላል። ከዚያ በኋላ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ተቀየረና ወደ ቱቦው ወረደ። ያኔ የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም።

እሳት ሞዞውን ያዳክማል፣ ግራሶውንና የዘይት መያዣ ጎማውን ያቃጥላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጉቶው ላይ አዲስ ብሎን መበየድ ነው። የጎማ ብሎን በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። ብየዳ ያን ጥንካሬ ያጠፋዋል። በብየዳ የተቀጠለ ብሎን ይዞ መንገድ የሚወጣ መኪና ካየሁ ሹፌሩን አስቁሜ እነግረዋለሁ፣ ይቆጣ።

አዲሱን ስታስገቡ ቀዳዳውን አጽዱ። ሽንትሮቹን ከድሮው መስመር ጋር አገናኙና ፕሬስ ካለ በፕሬስ አስገቡ። በዳዶ ስቦ ማስገባትም ይቻላል፣ ግን አሮጌ ዳዶና ወፍራም ሮንዴላ ተጠቀሙ፤ ያ ዳዶ ከዚያ በኋላ ይጣላል። ራሱ ከኋላ ሙሉ በሙሉ መተኛቱን ካረጋገጣችሁ ብቻ ቀጥሉ። ክፍተት ከቀረ መንገድ ላይ ይገባና ዳዶው ይላላል። አዲሱ ብሎን በእጅ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ያ ሞዞ አብቅቶለታል።

ስለ ማጥበቅ ብዙ ክርክር አለ። እኔ የቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ወገን ነኝ። 22 ሚሊ ሜትር ብሎን ያለው ባለ አሥር ብሎን ከባድ መኪና ብዙውን ጊዜ ወደ 600 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። የየመኪናው ይለያያል፣ መጽሐፉን እዩ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል ያንኑ ያህል ነው። 80 ኪሎ የሚመዝነው ረዳት 2 ሜትር ቱቦ ሰክቶ ቢረግጥ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ብሎኑ ተለጥጦ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ አይይዝም። «ቱቦ ያላየ ጎማ አይታመንም» የሚሉ ሹፌሮች አሉ፤ እኔ ደግሞ ቱቦ ያየውን ብሎን ነው የማላምነው።

ከማሰራችሁ በፊት ቸርኬው (ጎማው የሚለብሰው ብረት) እና ታምቡሩ (የፍሬኑ ከበሮ) የሚገናኙበትን ፊት ጥረጉ። ዝገት፣ ጭቃና ወፍራም ቀለም እየተፈጨ ሲሄድ ዳዶው ይላላል። ማጥበቁም ተሻግሮ፣ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ ይሁን፣ በተርታ አይደለም። ሐረጎን ጭኖ የወረደ መኪና ታምቡሩ ግሎ ስለሚመጣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ውሃ አትድፉበት። የድሮዎቹ አይሱዙዎች የኋላ ጥንድ ጎማ ላይ የውስጥና የውጭ ዳዶ አላቸው። የውስጡን ለማጥበቅ የውጩን ማላላት ግድ ነው። የውጩን ብቻ ረግጦ መሄድ የውስጡን ጎማ ላልቶ እንዲሄድ መተው ነው።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይጠበቃል። ከኮምቦልቻ ወደ ወልዲያ የሚሄድ ሐይቅ ከተማ ላይ ይቁም። ወደ ሚሌ የሚወርድ ባቲን እንዳለፈ።

ሁሉንም ብቻዬን እሠራለሁ ማለት ግን አልችልም። ሞዞው ሲመለስ የኩሽኔታውን ልክ የሚያጠብቁልኝ አሁንም ጋሼ ናቸው። ሞዞውን በእጃቸው አዙረው «ትንሽ መልስ» ይላሉ። እኔ ልዩነቱ ገና አይሰማኝም፤ ወደፊት የምይዘው እሱን ነው። ሌላው ችግሬ ግራ ዙር ብሎን ነው። ኮምቦልቻ ሱቆች ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ቀኝ ዙሩ ነው። ደሴ ወይም ወልዲያ ላይ ደህና ጥራት ያለው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።