የኔታ እንደገና ሲያዜሙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «የአባቴን አንደበት ከፈታልኝ የእግዚአብሔርን ሥራ ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። እሱ ሰምቶኛል። አሁን ተራው የኔ ነው።

አባቴ መሪጌታ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ በኛ ሰፈር ትንሹም ትልቁም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዜማ መጽሐፍ፣ የተማሩት ጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ዜማ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ድጓ የሚመሰከረው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው፣ ትዳር ይዘው፣ እኛን ወልደው እዚሁ ቀሩ።

የልጅነቴ ጠዋት የሚጀምረው በሳቸው ድምፅ ነው። ዳዊት ይደግማሉ። ውዳሴ ማርያም ያደርሳሉ። ቡናው እስኪፈላ ደግሞ የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ የያዘውን ስንክሳሩን አንሥተው «ዛሬ ማን ነው የሚታሰበው?» ይሉናል። ባናውቅ አይቆጡም። ታሪኩን ይነግሩናል። ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲያወሩ ትናንት አብረዋቸው ያመሹ ነው የሚመስሉት። እኔ ቅዱሳንን ያወቅኩት ከሥዕል በፊት ከአባቴ አፍ ነው።

አምና ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ማለዳ፣ ዳዊት እየደገሙ ድምፃቸው ተቋረጠ። ስገባ መጽሐፉ መሬት ወድቋል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል አደረስናቸው። ስትሮክ ነው ተባለ። ግፊት ነበረባቸው። (እግረ መንገዴን ልናገር። የሰው ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ «ምች ነው»፣ «ነፋስ መትቶት ነው» ብላችሁ ቤት አታሳድሩት። እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።)

ነፍሳቸው ተረፈች። እግራቸውም ቀስ በቀስ መራመድ ጀመረ። ንግግር ግን ሄደ። የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው «እንዲህ... እንዲህ...» ብቻ ሆነ። ውኃ ሲፈልጉ «እንዲህ» ነው። እናቴን ሲጠሩም «እንዲህ» ነው። ስንቱን ዜማ በቃላቸው የያዙ ሰው! ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ጀመር። አንድ ቀን ዳዊታቸውን ከራስጌያቸው እንድናነሣ በግራ እጃቸው አሳዩን። ለኔ ከወደቁበት ቀን የከፋው ያ ቀን ነው።

ሐምሌ 19 ደረሰ። ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ያዳነበት በዓል ነው። ሐዋሳን የሚያውቅ ያውቃል። ሐምሌና ታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው አደባባዩን ሞልቶ ይተርፋል። ዝናብ ይጥል ነበር። ነጠላዬ እስኪጨመቅ ረጥቦ ቆምኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ካህኑን ዘካርያስን ዲዳ ትሆናለህ ያልከው አንተ ነህ። ዮሐንስ ሲወለድ አንደበቱ ተፈቶ እግዚአብሔርን አመሰገነ። የአባቴም አንደበት እንዲፈታ ለምንልኝ» አልኩ። ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። የዚያን ቀን ግን ታሪኩ የኛ ቤት ታሪክ ሆነብኝ። ጥላ ላገባ፣ ሥራውንም ልመሰክር ተሳልኩ።

ወዲያው ምንም አልሆነም። ነሐሴ ገባ። ፍልሰታን ጾምን፣ አስቀደስን። ጸበሉንም፣ መድኃኒቱንም፣ ፊዚዮቴራፒውንም አላቋረጥንም። አባቴ ግን ያው «እንዲህ» ላይ ናቸው።

በዚያ መሐል ጠዋት ጠዋት ስንክሳሩን እኔ አነብላቸው ጀመር። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ የዕለቱን አነባለሁ። ሰማዕታቱ፣ ጻድቃኑ፣ በረሃ የገቡት፣ በእሳት የተፈተኑት፣ ስማቸው በአንድ መስመር ብቻ የተጠቀሰው ሁሉ በየተራ ወደ ቤታችን ገቡ። ከዚያ በፊት የማውቀው ወርኃዊ በዓላቸውን ነበር። ሥራ የማይሠራበትን ቀን አውቃለሁ፣ ሕይወታቸውን ግን አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነን። ሥዕላቸውን ስልካችን ላይ እናደርጋለን፣ «እንኳን አደረሳችሁ» እንልካለን። ማን እንደነበሩ ለልጅ ንገሩ ብንባል ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላልንም።

አንድ ጠዋት አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱ። በግራ እጃቸው ገጹን አንድ በአንድ እየገለጡ ወደ ኋላ ሄዱ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ልርዳቸው ስል እጄን ገፋ አደረጉት። ግንቦት 11 ላይ ቆሙ። ቅዱስ ያሬድ የተሰወረበት ቀን ነው። «ይህን?» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ታሪኩን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ያሬድ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ የአክሱም ልጅ። ሕፃን ሳለ ትምህርት አልገባ አለው። መምህሩ ጌዴዎን ቢቀጣው ተማርሮ ጠፍቶ ሄደ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ሲወጣ አየ። ይወጣል፣ ይወድቃል። ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይወድቃል። በመጨረሻ ደረሰ። ያሬድ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ግዕዝን፣ ዕዝልን፣ አራራይን፣ ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው ያ ልጅ ነው። ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ የሱ ናቸው።

ትሉ ላይ ስደርስ የአባቴ ጣት ገጹ ላይ አረፈ። ደግሜ አነበብኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻቸውን ሲሆኑ ሲሞክሩ እሰማቸዋለሁ። ድምፅ ያወጣሉ፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ያወጣሉ።

መስከረም ላይ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መጡ። ሙዝ ይዘው፣ «እንደምን ሰነበቱ የኔታ» እያሉ። አባቴ ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ እናቴ «እስቲ አንድ ነገር አዚሙላቸው፣ ይጽናኑ» አለች። አንደኛው ልጅ ምዕራፍ የሚባለውን ዜማ ጀማሪ ነው። ከአባቴ ዘንድ ይማር ነበር፣ ሲታመሙ ተቋረጠበት። ፈራ ተባ እያለ «ይትባረክ»ን አነሣ። ሠለስቱ ደቂቅ (ሦስቱ ልጆች) እሳት ውስጥ ሆነው ያመሰገኑበት ቃል ነው። እነሱን ከእሳቱ ያወጣቸው ቅዱስ ገብርኤል እንደሆነ ታኅሣሥ 19 የምናከብረው በዓል ይነግረናል። ልጁ ርክርክ የሚባለው የዜማ ምልክት ያለበት ቦታ ሲደርስ ሜዳ አድርጎ አለፈው።

አባቴ ግራ እጃቸውን አነሡ። «ቁም» ማለታቸው ነው። ልጁ ቆመ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

«ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ አበዊነ።»

በዜማ። ርክርኩ በቦታው። ድምፃቸው ሻክሯል፣ ትንፋሻቸውም አጥሯል። ቃሉ ግን አንድም አልጎደለ። የአባቶቻችን አምላክ እግዚአብሔር ይባረክ ማለት ነው። እናቴ እልል አለች። ልጁ መቀበል አቅቶት ያለቅሳል። አባቴ ራሳቸው ደንግጠው እኛን ያዩናል። ወዲያው ሊናገሩ ሞከሩ። «እንዲህ... እንዲህ...» ወጣ። መልሰው ዜማውን ያዙ። «ይትባረክ...» አለ አንደበታቸው። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት እንጃ። ጎረቤት በሩ ላይ ተሰበሰበ።

በኋላ ሐኪማቸውን ጠየቅን። ንግግርን በአብዛኛው ሰው የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፣ ዜማ ላይ ግን ቀኙም ድርሻ አለው አሉን። ግራው ተጎድቶ መናገር ያቃተው ሰው መዘመር ሊችል እንደሚችል፣ በዜማ በኩል ቃል መመለስም የታወቀ የሕክምና መንገድ እንደሆነ አስረዱን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ ተአምር አይደለማ» አሉኝ። እኔ አይመስለኝም። ለሰው ሁለት መንገድ አድርጎ የፈጠረው ማን ሆነና! አንዱ ሲዘጋ በሌላው እንዲመሰገን ያደረገው እሱ ነው። አባቴ ውስጥ ያን ዜማ ያስቀመጡት መምህሮቻቸው ናቸው። የመምህሮቻቸውን መምህሮች ቆጥራችሁ ብትወጡ ያሬድ ጋ ትደርሳላችሁ። ከዚያን ዘመን ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣው ምስጋና ሐዋሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ታመው ሲተኙ ደረሰላቸው። እኔ ይህን ጸሎቴ የተሰማበት ብዬ ነው የምቀበለው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ተለወጠ። ውኃ ሲፈልጉ በግዕዝ ዜማ «ውኃ» ይሉናል። በዜማ የወጣው ቃል ውሎ አድሮ በንግግርም ይመጣ ጀመር። «እሺ»፣ «ተመስገን»፣ «ነይ»።

መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ፣ የአበባው ወቅት፣ ገባ። ቀኑ የዮሐንስ መጥምቅ ጽንሰት የሚታሰብበትም ነው። የዘካርያስ ነገር እንደገና ከፊቴ መጣ። የመጀመሪያው የጽጌ ማኅሌት ሌሊት አባቴን ይዘናቸው ሄድን። ካህናቱ ወንበር አዘጋጁላቸው። ጸናጽል በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው፣ እሳቸው ግን በግራ ያዙት። መቋሚያቸውን ያ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ያዘላቸው። እኔ በሴቶች በኩል ሆኜ ድምፃቸውን ከሌላው ድምፅ መሐል እፈልጋለሁ። አገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቁም።

እዚህ ላይ ስለ ወጣቶቹ ማንሣት አለብኝ። ዓመታት ሙሉ የሚያሳስበኝ ነገር ነበር። ታኅሣሥ ገብርኤል ከተማው በወጣት ይሞላል። አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ታቦት ያጅባል። ደስ ይላል። ተራ እሑድ ሌሊት ማኅሌት ላይ ግን የሚቆሙት ጥቂት አረጋውያን ናቸው። ስንክሳሩ ሲነበብ ግማሹ ሰው ጫማውን ፍለጋ ወጥቷል። «እነዚህ አባቶች ሲያልፉ ማን ይቆማል?» እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳችን ላይ ልጆች ተቀምጠው ይማራሉ። መጀመሪያ ያ ልጅ ብቻውን ነበር። ከዚያ ጓደኛውን አመጣ። ጓደኛው እኅቱን አመጣ። አባቴ ማብራራት አይችሉም፣ «እንዲህ አይደለም» ብለው ማስረዳት አይችሉም። የሚችሉት ማዜም ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ማዳመጥ ግድ ሆነበት። ሲሳሳት እጃቸውን ያነሣሉ፣ መልሰው ያዜሙለታል። ከትምህርቱ በፊት አንዱ የዕለቱን ስንክሳር ያነባል። አንዷ ልጅ የሲዳማ ልጅ ናት። የሰማችውን ቤት ገብታ ለአያቷ በሲዳምኛ ትነግራቸዋለች። አንድ ቅዳሜ አያቷ ራሳቸው በዱላቸው ተደግፈው መጡና «ያ ከንጉሥ ፊት እያዜመ እግሩ በጦር የተወጋው ሰውዬ የት ደረሰ?» ብለው በልጅቷ በኩል ጠየቁን። ያሬድን ነው። ከዚያ በኋላ ምንኩስና ለመግባት ንጉሡን አሰናብተኝ ብሎ ወደ ሰሜን ተራራ እንደሄደ ተነገራቸው። ረክተው ቡና ጠጡ።

መዝሙር 111 «የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል» ይላል። አባቶቻችን ይህን ይዘው ነው ዝክር የሚዘክሩት፣ ጽዋ የሚጠጡት፣ ሰንበቴ የሚያቋቁሙት። እንዲቀር አልፈልግም። ደግሞም ጻድቅን በጻድቅ ስም የሚቀበል የጻድቅን ዋጋ እንደሚወስድ፣ በደቀ መዝሙር ስም የተሰጠ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ተናግሯል። የምመኘው ዝክሩ ላይ የቅዱሱ ሕይወት አብሮ እንዲነበብ ነው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ተወርቶ ከመበተን በፊት አንድ ገጽ ቢነበብ ምን አለ? ልጆቻችን እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ።

ጥላውን ታኅሣሥ 19 አስገባሁ። ደስ እያለኝ ነው ያስገባሁት። የንስሐ አባቴ ግን ቀስ ብለው «ልጄ፣ ጥላ ሞልቷል። የአብነት ተማሪ ግን ይርበዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ከዚያ ይወጣል። እናቴ ቆሎውን ትቆላለች። የምትሳሉ ሰዎች ይህንንም አስቡት። ቤተ ክርስቲያን የምትታደሰው የሚያዜም፣ የሚቀድስ፣ የሚተረጉም ልጅ ሲገኝ ነው። ያ ልጅ ደግሞ ምሳ ይበላል።

አባቴ ገና ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። ቀኝ እጃቸው አሁንም አይጨብጥም። የኔን ስም እስካሁን በንግግር አይሉትም፣ በዕዝል ዜማ ነው የሚጠሩኝ። በጸሎታችሁ አስቡልኝ። ሐዋሳም ሁኑ ሌላ ቦታ፣ በአጥቢያችሁ ካሉ መሪጌቶች ዘንድ ልጆቻችሁን ላኩ። እነሱ በሕይወት እያሉ፣ ድምፃቸው እያለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።